የብሬል አንቀጽ በስፔስ አይስተካከልም

ጥያቄው፦ «ጽሑፍ በማይክሮሶፍት ዎርድ አዘጋጅቼ በዳክስበሪ ፕሮግራም ወደ ብሬል እቀይራለሁ። ዎርድ ላይ የአንቀጹን መጀመሪያ ገባ አድርጌ ነው የምጽፈው። ብሬሉ ሲወጣ ግን አንዳንዱ አንቀጽ ገባ ይላል፣ አንዳንዱ አይልም። አንዳንድ ቦታ በአንቀጾች መካከል ባዶ መስመር አለ፣ አንዳንድ ቦታ የለም። ብሬሉ ላይ በስፔስ አስተካክላለሁ፤ አንድ ቃል አርሜ እንደገና ስቀይረው ግን የለፋሁበት ሁሉ ይጠፋል። የገጹን ስፋት ከ40 ሴል ወደ 32 ስቀንሰው ደግሞ ጭራሽ ተተራመሰ። አንቀጽ ሁሉ ሦስተኛው ሴል ላይ እንዲጀምር፣ ባዶ መስመርም እንዳይኖር አንዴ አስተካክዬ መገላገል እፈልጋለሁ። ጥቅስና ግጥም ግን የራሳቸው ቅርጽ ይኑራቸው። ይቻላል?»

ይቻላል። ከባድም አይደለም። እስካሁን የደከሙት ግን ያለ ቦታው ነው።

«ዎርድ ላይ ገባ አድርጌ» ካሉት ልጀምር። ዎርድ ይህን የሚለካው በሴንቲሜትር ነው። ብሬል ሴንቲሜትር አያውቅም። ሴል ማለት አንድ የብሬል ምልክት የሚያርፍበት የነጥቦች ቦታ ነው፤ መጠኑም ቁርጥ ነው፤ ከአንዱ ሴል እስከ ቀጣዩ 6 ሚሊሜትር ገደማ፣ ከአንዱ መስመር እስከ ቀጣዩ 10 ሚሊሜትር ገደማ። ፊደሉን አሳንሼ ላብቃቃው ማለት አይቻልም። ግማሽ ሴል የሚባል ነገርም የለም። ስለዚህ የመቀየሪያ ፕሮግራሙ ዎርድ ላይ በማስመሪያው ጎትተው ያስገቡትን ርቀት በአብዛኛው ከቁም ነገር አይቆጥረውም። እሱ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ የዚህ አንቀጽ ስታይል (በስም የተቀመጠ የአንቀጽ ቅርጽ) ስሙ ማን ነው? «ኖርማል» ካለው ተራ አንቀጽ ያደርገዋል። «ሄዲንግ 1» ካለው ርዕስ ያደርገዋል። የማያውቀው ስም ከመጣበት እንደመሰለው ያደርገዋል፤ አብዛኛው ጣጣ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

በነገራችን ላይ የዎርድ የተለመደው የታብ እርምጃ 1.27 ሴንቲሜትር ነው። ይህ ከሁለት የብሬል ሴል ጋር ሊስተካከል ምንም አይቀረውም። ብዙ ሰው «ዎርድ ላይ ልክ ነበርኮ» የሚለው ለዚህ ይመስለኛል። ግጥጥሞሽ ነው። ፕሮግራሙ ለክቶ ያመጣው አይደለም።

አሁን «አንዳንዱ ገባ ይላል፣ አንዳንዱ አይልም» ያሉት ይገባናል። የእርስዎ ሰነድ ለዓይን አንድ ዓይነት ይመስላል። ከሥሩ ግን አራት አምስት ዓይነት አንቀጽ አለው። አንዱን ሲጽፉ ታብ ተጭነዋል። አንዱን በስፔስ ገፍተውታል። አንዱን ከኢንተርኔት ቀድተው ሲለጥፉት የራሱን ስታይል ይዞ መጥቷል። አንዱ ጋ ደግሞ ኢንተር ሳይሆን ሺፍትና ኢንተር አብረው ተጭነዋል፤ ይህ አዲስ አንቀጽ አይደለም፣ በዚያው አንቀጽ ውስጥ አዲስ መስመር ነው። ለዓይን ልዩነቱ አይታይም። ፕሮግራሙ ግን ሁሉንም ለየብቻ ያያቸዋል፣ ለየብቻም ያስተናግዳቸዋል። ባዶ መስመሮቹም እንደዚያው ናቸው። አንዳንዱ እርስዎ ኢንተር ሁለቴ በመጫን ያመጡት ነው። አንዳንዱ በስታይሉ ውስጥ ያለ ክፍተት ነው። አንዱ ያልፋል፣ ሌላው ይቀራል።

ያስተካከሉት የሚጠፋበት ምክንያት ከዚህ ይለያል። ዳክስበሪ ላይ ሁለት ሰነድ እንዳለ ያስቡ፤ ተራ ጽሑፉና ከእሱ የተቀየረው ብሬል። ብሬሉ የተራው ጽሑፍ ውጤት ነው። ተራውን አርመው እንደገና በቀየሩ ቁጥር አዲስ ብሬል ይፈጠራል እንጂ የድሮው አይታደስም። ስለዚህ ብሬሉ ላይ ያስገቧት ስፔስ ሁሉ ከድሮው ብሬል ጋር ተቀበረች። ተራው ጽሑፍ ላይ ስፔስ ቢደረድሩስ? እሱም አያዋጣም። መቀየሪያ ፕሮግራሞች የተደረደረ ስፔስን ብዙ ጊዜ አንድ አድርገው ይጨምቁታል። የአንቀጽ ቅርጽ የሚለወጠው ስታይሉ ውስጥ ገብቶ ነው።

ስታይሉን ሲከፍቱ የሚያገኟቸው ቁጥሮች ጥቂት ናቸው፤ ግን ያሳስታሉ። የብሬል ሰዎች አንቀጽን «3-1» ብለው ይጠሩታል። የመጀመሪያው ቁጥር አንቀጹ የሚጀምርበት ሴል ነው። ሁለተኛው ተከታዮቹ መስመሮች የሚጀምሩበት ሴል ነው። 3-1 ማለት ሁለት ሴል ባዶ ይተውና ሦስተኛው ላይ ይጀምራል፤ የተረፈው መስመር ሁሉ ከአንደኛው ሴል ይነሳል። ሦስት ሴል ይዘለላል ማለት አይደለም! ይህቺ የአንድ ሴል ስህተት የስንቱን ሰነድ እንዳበላሸች ብነግርዎ አያምኑም።

ስህተቱ የሚመጣው ፕሮግራሞች በተለያየ ቋንቋ ስለሚጠይቁ ነው። አንዳንዱ «በስንተኛው ሴል ይጀምር?» ይላል። እዚያ መልሱ 3 ነው። አንዳንዱ ደግሞ «ስንት ሴል ይግባ?» ይላል። እዚያ መልሱ 2 ነው። ሊብሉዊ በተባለው የብሬል መቀየሪያ ሶፍትዌር ላይ የተሠሩ መሣሪያዎች ብዙ ጊዜ ሁለተኛውን መንገድ ይከተላሉ፤ የግራ ህዳግ አንድ ቁጥር፣ የመጀመሪያው መስመር ልዩነት ሌላ ቁጥር። በዚህ አጻጻፍ 3-1 ማለት ህዳግ 0፣ የመጀመሪያ መስመር 2 ነው። ዝርዝር የሚጻፍበት 1-3 ደግሞ ህዳግ 2፣ የመጀመሪያ መስመር ኔጌቲቭ 2 ይሆናል። ኔጌቲቩ አያስደንግጥዎ። «የመጀመሪያው መስመር ከሌሎቹ ሁለት ሴል ወደ ኋላ ይመለስ» ማለት ነው። የሚሞሉት ሳጥን የትኛውን እንደሚጠይቅ ካልገባዎት አንድ አንቀጽ ቀይረው ባዶውን ሴል በጣትዎ ይቁጠሩት። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ባዶ መስመር አልፈልግም ማለትዎ ትክክል ነው። ዓይን ገጹን ባንዴ ስለሚያይ ክፍተት ይረዳዋል። ጣት ግን የሚያገኘው አንድ መስመር ነው፤ ሁለት ባዶ ሴል ሲነካ አዲስ አንቀጽ መሆኑን ወዲያው ያውቃል። ባዶ መስመር ደግሞ ውድ ነው። ትልቁ የብሬል ገጽ በተለምዶ 40 ሴል በ25 መስመር ነው። አንድ ገጽ ላይ አምስት አንቀጽ ካለና ከእያንዳንዱ በኋላ አንድ መስመር ከባከነ፣ ከ25ቱ 5 መስመር ሄደ ማለት ነው። የገጹ አምስተኛ! 100 ገጽ የነበረው 125 ገጽ ይሆናል። በኤሌክትሮኒክ የብሬል ማሳያ ለሚያነብ ሰውም ባዶ መስመር በከንቱ የሚጫናት አንዲት ቁልፍ ናት። በዚያ ላይ ባዶ መስመር በብሬል ውስጥ ሥራ አለው። «ርዕስ መጣ»፣ «ጥቅስ ተጀመረ»፣ «ትዕይንቱ ተቀየረ» ይላል። በየአንቀጹ ካባከኑት ያ መልእክት ይጠፋል።

አንድ የማልስማማበት ጉዳይ አለ፤ እርስዎ ባይጠይቁኝም ብዙ ሰው ይሠራዋል። «ለማግኘት እንዲቀል» ብሎ አንቀጹን አምስተኛው ሴል ላይ ማስጀመር። አያድርጉት። በብዙ የብሬል አሠራር አምስተኛው ሴል የንዑስ ርዕስ ቦታ ነው፤ ሰባተኛው ደግሞ ከእሱ በታች ያለው ርዕስ። አንቀጽዎ እዚያ ሲጀምር አንባቢው ርዕስ መስሎት ያነበዋል። በሁለቱም ጫፍ እኩል ማድረግም ለብሬል አይሆንም። በቃላት መካከል ያለው ክፍተት ይዛባና ጣት ይሰናከላል። ዎርድ ላይ ቢያደርጉትም እዚህ ላይ በግራ ብቻ ይሰለፍ። ብሬል ለሚማሩ ጀማሪዎች ግን መስመር እየዘለሉ መጻፍ ነውር የለውም፤ ያ ሌላ ዓላማ ነው። እሱም ቢሆን ከታች በማብራራው በራሱ ቴምፕሌት ይሠራ።

እንግዲህ ቅርጹን የሚለውጡበት ቦታ ሦስት ነው። የመጀመሪያው በአንዷ አንቀጽ ላይ ብቻ በቀጥታ የሚገባ የቅርጽ ኮድ ነው። ዳክስበሪ ይህን ይፈቅዳል፤ ኮዶቹን ማሳየትም መደበቅም ይቻላል። ለአንድ ልዩ ቦታ ይጠቅማል። በ200 አንቀጽ ላይ ከተጠቀሙበት ግን ስፔስ ከመቁጠር አይሻልም፤ ሐሳብዎን የቀየሩ ቀን 200ውንም ያሳድዳሉ። ሁለተኛው የዚያን ሰነድ ስታይል መለወጥ ነው። በዚያ ሰነድ ውስጥ ያለ አንቀጽ ሁሉ ባንዴ ይታዘዛል። ሌላ ሰነድ ሲከፍቱ ግን እንደ አዲስ ነው። ሦስተኛው ቴምፕሌቱ ነው። ቴምፕሌት ማለት የስታይሎች፣ የገጽ ስፋትና የብሬል ሠንጠረዥ (ፊደልን ወደ ብሬል የሚቀይረው ደንብ) ጥቅል ነው። እርስዎ «አንዴ አስተካክዬ ልገላገል» ያሉት ይህንን ነው።

ስለዚህ የማዝዘው ይህን ነው። ከፕሮግራሙ ጋር የመጣውን ቴምፕሌት አይንኩ። በእሱ አዲስ ሰነድ ይክፈቱ። የተራ አንቀጹን ስታይል ከፍተው መጀመሪያው ሴል 3፣ ተከታዩ ሴል 1፣ ከበፊቱ ባዶ መስመር 0፣ ከኋላው ባዶ መስመር 0 ያድርጉት። ከዚያ በራስዎ ስም ቴምፕሌት አድርገው ያስቀምጡት። ዳክስበሪ የዎርድ ፋይል ሲከፍቱ የትኛውን ቴምፕሌት እንደሚጠቀም ይጠይቃል፤ የራስዎን ይምረጡ። በብሬልብላስተር የሚሠሩ ከሆነም ሐሳቡ አንድ ነው። እሱ በነፃ የሚገኝ ነው፤ የስታይሉን ስም ከጽሑፉ ጎን ስለሚያሳይ የትኛው አንቀጽ እንዳፈነገጠ ለማየት ይመቻል።

ዋናውን ቴምፕሌት አይንኩ ያልኩት ከደረሰብኝ ነው። አንድ ጊዜ ብዙ ሰው በሚጠቀምበት ኮምፒውተር ላይ የፋብሪካውን ስታይል ለአንድ ሥራ ብዬ ቀየርኩትና ረሳሁት። በማግስቱ የሥራ ባልደረባዬ የፈተና ወረቀት አተመች። ጥያቄዎቹ ሁሉ አምስተኛ ሴል ላይ ተደርድረው ወጡ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለማወቅ ግማሽ ቀን ፈጀብን፤ እኔም አብሬ ስፈልግ ነበር። ከዚህም ሌላ ፕሮግራሙን ሲያድሱ ዋናው ቴምፕሌት በአዲሱ ሊተካ ይችላል። በራስዎ ስም ያለው ግን አይነካም። ቅጂውንም ሌላ ቦታ ያኑሩ።

ቴምፕሌት ብቻውን ግን አይበቃም። ዎርዱ ካልጸዳ ቴምፕሌቱ ምን ያድርግ? ዎርድ ላይ ሙሉ ጽሑፉን መርጠው «ኖርማል» ያድርጉት። ከዚያ ርዕሶቹን በሄዲንግ ስታይል ይሰይሟቸው። የቀሩትን ታቦችና ድርብ ስፔሶች በመፈለጊያና መተኪያው ያጥፉ። ድርብ ኢንተሮችን ወደ አንድ ያውርዱ። ሺፍትና ኢንተር የተጫኑባቸውን ወደ ተራ ኢንተር ይቀይሩ፤ ግጥም ካለ ግን ያን ክፍል ይዝለሉት።

ከፒዲኤፍ የተቀዳ ጽሑፍ የራሱ መከራ አለው። ብዙ ጊዜ በየመስመሩ መጨረሻ ኢንተር ይዞ ይመጣል። ወደ ብሬል ሲቀየር እያንዳንዱ መስመር አንቀጽ ይሆንና ሁሉም ሦስተኛ ሴል ላይ ይጀምራል። ገጹ ደረጃ ይመስላል። በአንቀጾቹ መካከል ድርብ ኢንተር ካለ መድኃኒቱ ቀላል ነው። መጀመሪያ ድርቡን ኢንተር በጽሑፉ ውስጥ በሌለ ምልክት ይተኩት፤ ሦስት ኮከብ ይበቃል። ቀጥሎ የቀረውን ነጠላ ኢንተር ሁሉ በስፔስ ይተኩ። መጨረሻ ላይ ኮከቦቹን ወደ አንድ ኢንተር ይመልሱ። ቅደም ተከተሉን ካሳቱት ሰነዱ በሙሉ አንድ ግዙፍ አንቀጽ ይሆንብዎታል። ስለዚህ በቅጂ ላይ ይሥሩ።

ወደ ጥቅሱና ግጥሙ ልምጣ። እነዚህ የራሳቸው ስታይል ያስፈልጋቸዋል፤ በዎርድም በብሬሉም በኩል። ዎርድ ላይ ረጅሙን ጥቅስ «ጥቅስ» የሚል ወይም የመሰለዎትን ስም የያዘ ስታይል ይስጡት። ከዚያ በቴምፕሌትዎ ውስጥ ለዚያ ስም ቅርጽ ይስጡ። አሰፋፈሩ እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ዋናው ጽሑፍ 3-1 ስለሆነ ጥቅሱ ሁለት ሴል ወደ ቀኝ ይገፋና 5-3 ይሆናል፤ ከላይና ከታች አንዳንድ ባዶ መስመር። አሁን «አምስተኛው ሴል የርዕስ ቦታ ነው አላልክም?» ሊሉኝ ነው። ልክ ነዎት። ልዩነቱ ተከታዩ መስመር ነው። በጥቅስ ውስጥ ተከታዮቹ መስመሮች ሦስተኛው ሴል ላይ ይሰለፋሉ። ጣት በግራ በኩል ሲወርድ ህዳጉ በሙሉ እንደገባ ይሰማዋል። ከላይ ያለው ባዶ መስመርም አስቀድሞ ይነግረዋል። የቀኙን ህዳግ አይንኩት፤ ቦታ ማባከን ነው።

ግጥም 1-3 ነው። እያንዳንዱ ስንኝ ከአንደኛው ሴል ይጀምራል፤ ገጹ ካልበቃው ትርፉ ሦስተኛው ሴል ላይ ይወርዳል። በዚህ መንገድ አንባቢው አዲስ ስንኝና የተቆረጠ ስንኝ አይምታታበትም። በአንጓዎች መካከል አንድ ባዶ መስመር ይኑር። ለተራ ዝርዝርም ያው 1-3 ነው።

ስታይሉ ውስጥ እያሉ ሌሎች ሁለት ነገሮችን ይመልከቱ። አንደኛው «ከቀጣዩ ጋር አቆይ» የሚለው ነው። ለርዕስ ስታይሎች ሁሉ ይክፈቱት። አለዚያ ርዕሱ ከገጹ ግርጌ ብቻውን ቀርቶ ጽሑፉ ወደ ሌላ ገጽ ይሄዳል። ሁለተኛው «አትቁረጥ» የሚለው ነው። ይህ ለአጭር ሠንጠረዥ ወይም ለአንድ የፈተና ጥያቄ ጥሩ ነው። ለተራ አንቀጽ ግን አይክፈቱት። ረጅም አንቀጽ በገጹ ላይ ካልበቃ ሙሉ በሙሉ ወደሚቀጥለው ገጽ ይዘላል፤ ከኋላው ግማሽ ገጽ ባዶ ይቀራል። ሌላ ጥንቃቄም አለ። የአንዱ ስታይል «ከኋላው 1» እና የሚቀጥለው ስታይል «ከበፊቱ 1» ሲገናኙ አንዳንድ ፕሮግራም ሁለቱን ይደምራል፣ አንዳንዱ ትልቁን ብቻ ይወስዳል። ርዕስና ጥቅስ ተከታትለው ሲመጡ ሁለት ባዶ መስመር ካገኙ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ከ40 ወደ 32 ሴል ሲቀንሱ የተተራመሰውስ? እዚህ ላይ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ተራውን ጽሑፍ ይዘው ስፋቱን ቀይረው እንደገና ከቀየሩት፣ ስታይሉ ንጹህ እስከሆነ ድረስ ፕሮግራሙ ራሱ መስመሮቹን እንደ አዲስ ይደረድራል፤ 3-1 በ40ም በ32ም 3-1 ነው። ያመሰቃቀሉት በእጅ ያስገቧቸው ስፔሶችና ኢንተሮች ናቸው። የሠሩት ቢአርኤፍ (ተቀይሮ ለማተም የተዘጋጀ የብሬል ፋይል) ላይ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቢአርኤፍ ውስጥ ስታይል የለም። አንቀጽ የሚባል ነገርም የለም። ያለው የተቆራረጠ መስመርና የገጽ መለያ ብቻ ነው። በ40 ሴል የተቆረጠ መስመር ወደ 32 ሲገባ ከ32 የሚረዝመው ሁሉ ይሰበርና ትርፉ ከሥሩ ይንጠለጠላል። አንዳንድ ፕሮግራሞች ቢአርኤፍን ከፍተው አንቀጹን ለመገመት ይሞክራሉ፤ የሚገምቱትም መስመሩ መጀመሪያ ላይ ያሉትን ሁለት ባዶ ሴሎች አይተው ነው። ግምት ነው። ቢአርኤፍን ለማተምና ለማንበብ ይጠቀሙበት፤ ለማረም ግን ሁልጊዜ ወደ ተራው ጽሑፍ ይመለሱ። ዴይዚ ኮንሶርቲየም የተባለው ድርጅት የሚሠራበት ኢብሬል የሚባለው የፋይል ዓይነት አንዱ ዓላማ ይህንን ችግር ማቃለል ነው፤ አንቀጹን እንደ አንቀጽ ይይዛል፣ መስመሩን ማሳያው እንደ ስፋቱ ይደረድረዋል።

ስክሪኑ ላይ ልክ ሆኖ ወረቀቱ ላይ ብቻ የሚበላሽ ከሆነ ደግሞ ስታይሉን አይውቀሱት። ፕሮግራሙ 40 ሴል እየላከ የብሬል ማተሚያው በ32 ተዘጋጅቶ ይሆናል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ከእያንዳንዱ ሙሉ መስመር በታች አጭር ቁራጭ ይወጣል ወይም የመስመሩ ጫፍ ይጠፋል። ኤ4 ወረቀት 21 ሴንቲሜትር ስፋት ነው ያለው። 40 ሴል በ6 ሚሊሜትር 24 ሴንቲሜትር ነው። አይገባም፤ ሒሳቡ ራሱ ይናገራል። በኤ4 ከ30 እስከ 32 ሴል ያስቡ። ለጥራዝ የሚሆን ህዳግ ካስፈለገ ከዚያም ይቀንሳል። ሌላው ደግሞ ህዳግ በፕሮግራሙም በማተሚያውም ሲሞላ ነው፤ ሁለቱ ይደመሩና ሁሉም አንቀጽ ወደ ቀኝ ይሸሻል። አንዱን ዜሮ ያድርጉት።

በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ስፋቱ የበለጠ ያሳስባል። በአማርኛ ብሬል ተነባቢውና አናባቢው ለየብቻ ስለሚጻፉ አንድ ፊደል ብዙ ጊዜ ሁለት ሴል ይወስዳል። በ32 ሴል መስመር ላይ የሚያርፉት ቃላት ጥቂት ናቸው። አንድ ረጅም ቃል ወደ ታች ሲወርድ ከላይ ሰፊ ባዶ ይተዋል። ስለዚህ የጥቅስ ውስጥ ጥቅስ፣ የዝርዝር ውስጥ ዝርዝር እያሉ ህዳጉን ወደ 7 እና 9 ሴል መግፋት አያዋጣም። በተቻለ መጠን ከሁለት ደረጃ አይለፉ።

ቴምፕሌት የማይሠራውንም ልንገርዎ። ዛሬ ቴምፕሌቱን ቢያርሙ ባለፈው ወር የሠሯቸው ሰነዶች በራሳቸው አይታረሙም፤ እነሱ ሲፈጠሩ የነበረውን ስታይል ይዘው ነው የተቀመጡት። ከፍተው አዲሱን ቴምፕሌት ማልበስ ወይም ከዎርዱ እንደገና ማስገባት አለብዎት። ሰንጠረዥ፣ ሒሳብና ባለ ሁለት ዓምድ ገጽም በአንቀጽ ስታይል አይፈቱም። እነሱ የእጅ ሥራ ይፈልጋሉ። ከሌላ ሰው ጋር የሚሠሩ ከሆነ ቴምፕሌቱን አብረው ይላኩለት፤ የዎርድ ፋይሉ ብቻ ከሄደ እሱ ጋ ሌላ ቅርጽ ይዞ ይወጣል።

ቴምፕሌቱን ሲጨርሱ መጽሐፉ ላይ ከመዝለልዎ በፊት የአንድ ገጽ መሞከሪያ ይሥሩ። ርዕስ፣ ከርዕስ ቀጥሎ የሚመጣ አንቀጽ፣ ከሦስት መስመር በላይ የሆነ አንቀጽ፣ የአንድ መስመር አንቀጽ፣ ጥቅስ፣ አራት ስንኝ ግጥም፣ ዝርዝር፣ ከዝርዝሩ በኋላ ሌላ አንቀጽ ያስገቡበት። በ40 ይቀይሩት፣ በ32 ይቀይሩት፣ ሁለቱንም አትመው በጣት ይዩዋቸው። ብሬል አንባቢ አጠገብዎ ካለ እሱ ያንብብልዎ፤ ስክሪን ላይ የማይታይ ስህተት ጣት ላይ ወዲያው ይያዛል።

ከዝርዝሩ በኋላ ያለችውን አንቀጽ ሲያዩ አንድ ነገር ይለዩ። እውነት አዲስ አንቀጽ ናት ወይስ ከዝርዝሩ በፊት የተጀመረው ዐረፍተ ነገር ቀጣይ? ቀጣይ ከሆነች ሦስተኛው ሴል ላይ መጀመር የለባትም፤ አንባቢውን አዲስ ሐሳብ ተጀመረ ብላ ታታልለዋለች። ለእሷ «ቀጣይ አንቀጽ» የሚል 1-1 ስታይል ይጨምሩ። ዎርድ ላይም በዚያው ስም ይሰይሟት። ከጥቅስና ከግጥም በኋላ ለሚቀጥል ጽሑፍም ይህችው ትሠራለች።